የተሰነጠቀ የዘይት ቱቦ በምን ይያያዝ?

ገሱባ በወላይታ ዞን፣ ከሶዶ ወደ ሳውላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የኦፋ ወረዳ ከተማ ናት። ወላይታንና ዳውሮን በሚያዋስነው የኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ግቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እንዲያም ሆኖ መስመር ያልደረሰበት ወይም መብራት የሚቆራረጥበት ቀበሌ ዛሬም በቆሎውንና ጤፉን የሚያስፈጨው በናፍታ ሞተር ነው። ሞተሮቹ አርጅተዋል፤ መለዋወጫቸው እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የሚሰበረው ሁሉ ይጠገናል፤ ጥያቄው በምን ይጠገን ነው። ከዚህ በታች ገሱባ ውስጥ የሚነጋገሩትን ሁለት ሰዎች ያቀረብኳቸው በስም ሳይሆን በሙያቸው ነው። አንደኛው በአሮጌ ሞተር ላይ ዕድሜውን የፈጀ መካኒክ ነው፤ ሁለተኛው ሶዶ ሙያ የተማረ የባለወፍጮ ልጅ። የሚነጋገሩበት ችግር በየወፍጮ ቤቱ የሚያጋጥም ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ቱቦውን ፈትቼ ይዤው መጥቻለሁ። ከፓምፑ ተነሥቶ ወደ ቴስታታው የሚወጣው ነው። ከዳዶው አጠገብ ተሰንጥቆ ዘይቱን ግድግዳው ላይ ረጭቶታል። እናቴ ቶሎ አይታ ባታጠፋው ኖሮ ሞተሩንም ይዤ ነበር የምመጣው። ሶዶ ወስጄ በብር ዘንግ ላስበይደው አስቤያለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መካኒኩ፦ እናትህን እግዜር ይስጣት፤ ያዳነችው ትልቅ ነገር ነው። በል ቱቦውን ወዲህ በለው። በምን ይያያዝ ከማለታችን በፊት ለምን እንደተሰበረ እንይ። ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ጠጋ በል። ይህ ግራጫ እብጠት የድሮ ጥገና ነው፤ ስታኞ ነው። ስንጥቁ ግን ስታኞው ላይ አይደለም። ስታኞው ካለቀበት ጠርዝ ትንሽ አለፍ ብሎ ቱቦውን በአግድም ዞሮታል። በጥፍርህ ዳስሰው።

ወጣቱ፦ አዎ፣ ጥፍሬን ያዘው። ጠርዙ ሹል ነው፤ ምንም አልተለጠጠም።

መካኒኩ፦ ጎሽ። ግፊት የቀደደው ቱቦ ቢሆን ሆዱ ተነፍቶ በቁመቱ ነበር የሚከፈተው። ይህ በአግድም ነው የተቆረጠው፤ ከመቆረጡ በፊትም አልተሳበም። ይህ የንዝረት ሥራ ነው። መዳብ ለስላሳ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በተወዛወዘ ቁጥር እየጠነከረ፣ እየጠነከረ ሲሄድ ደግሞ እየተሰባበረ የሚመጣ ብረት ነው። የወፍጮ ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል እንበል፤ በሰዓት 39 ሺህ ዙር ነው። እናትህ በቀን ስድስት ሰዓት ካስፈጨች ከ230 ሺህ ይበልጣል። ቱቦው በእያንዳንዱ ዙር በትንሹም ቢሆን ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጠው ለስላሳው ክፍል ድርቅ ካለው ክፍል በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው የሚጎዳው። ባለፈው የጠገነው ሰው ስታኞውን እንደ ድንጋይ አከማቸበትና ድርቁን ቦታ ራሱ ፈጠረ፤ ስንጥቁም ጠርዙን ተከትሎ መጣ።

ወጣቱ፦ እንግዲያው እኔ ያልኩት ትክክል ነው። ስታኞ ደካማ ስለሆነ በጠንካራው ይተካ። በብር ቢበየድ ይህ አይደርስም።

መካኒኩ፦ ቆይ እንጂ፤ የተሰበረው መዳቡ ነው፤ ስታኞው እኮ ይኸው እንደያዘ ነው። በብር ብትበይደው የብሩ መገጣጠሚያ አይለቅም፣ ልክ ነህ። ግን የጋዙ እሳት በዙሪያው ያለውን መዳብ ያለሰልሰዋል፤ ከእሳቱ ወዲያ ያለው ደግሞ እንደጠነከረ ይቀራል። ንዝረቱ ካልተያዘ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ይሰነጠቃል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ይህን ቱቦ ከሞተሩ ሰውነት ጋር የሚያቅፈው ፋሸታ የት ሄደ?

ወጣቱ፦ ሞተሩ ላይ የፋሸታው ቡሎን ቀዳዳ አለ፤ ባዶ ነው። ፋሸታውን አላየሁትም።

መካኒኩ፦ በሽታው እሱ ነው። አንድ ቀን ሞተሩ ሲፈታ ፋሸታው ወደቀ፤ ማንም አልመለሰውም። ከዚያ ወዲህ ቱቦው ከፓምፑ እስከ ቴስታታው ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ኖረ። የፈለግኸውን ብየዳ ምረጥ፤ ያች ቀዳዳ ባዶ ከሆነች እንደገና እንገናኛለን።

ወጣቱ፦ ተቀብያለሁ፤ ፋሸታው ይመለሳል። ግን እሱም ተመልሶ ቱቦውን መጠገን አለብኝ። ትምህርት ቤት የተማርነው ከ450 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሚቀልጥ ማያያዣ ስታኞ፣ ከዚያ በላይ የሚቀልጠው ጠንካራ ብየዳ እንደሚባል ነው። የተለመደው የቆርቆሮና የእርሳስ ስታኞ በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል። የብሩ ዘንግ እንደ ብሩ መጠን ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ዘይቱ ሲሞቅ 90፣ ቢበዛ 100 ዲግሪ ቢደርስ ነው። ታዲያ ሁለቱም አይቀልጡም። ጠንካራውን መምረጥ ምን ክፋት አለው?

መካኒኩ፦ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ስታኞ ሳይቀልጥም ይደክማል። በ90 ዲግሪ ስታኞ ጠጣር ሆኖ ይታይሃል፤ ሸክም ካለበት ግን ቀስ በቀስ ይሳባል። ዛሬ የያዘው ከወራት በኋላ ያንጠባጥባል። ስለዚህ ግፊት ባለበት የሞተር ዘይት ቱቦ ላይ ስታኞን አልመርጥም። እዚህ ላይ አንለያይም።

ወጣቱ፦ የመኪና ራዲያተርስ? የድሮው የመዳብና የናስ ራዲያተር ሁሉ በስታኞ የተያያዘ ነው፤ ውሃው ከዘይቱ እኩል ይሞቃል።

መካኒኩ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው በእሱ ነው የሚሳሳተው። ራዲያተር ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ አንድ ባር አካባቢ ነው። የሞተር ዘይት ፓምፕ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ባር ይገፋል፤ ጠዋት ዘይቱ ቀዝቅዞ ሲወፍር ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ሌላው፣ ራዲያተር ላይ ቆርቆሮው በቆርቆሮው ላይ ሰፋ ብሎ ይደረባል፤ ሸክሙ በብዙ ቦታ ይከፋፈላል። እዚህ የተደረገው ምንድን ነው? ሁለት የቱቦ ጫፍ አፍ ለአፍ ተገጥሞ ከላይ ተለቀለቀ። ስታኞ መደረብ ይፈልጋል፤ ማቀፊያ ቱቦ ይፈልጋል። አፍ ለአፍ የተገጠመ ስታኞ ጥገና አይባልም።

ወጣቱ፦ ስታኞን ጨርሶ አይጠቀሙም ማለት ነው?

መካኒኩ፦ እጠቀማለሁ እንጂ። ሶዶ በተማርክበት ወርክሾፕ አሮጌ ቶርኖ አልነበረም?

ወጣቱ፦ ነበር። በጎኑ የሚጎተት እጀታ ያለው የዘይት ፓምፕ አለው። አንዴ ሲጎተት ዘይቱ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ተንሸራታቾቹ ይሄዳል። መምህራችን ቢጁር ይለው ነበር።

መካኒኩ፦ እሱ ነው። ጆሴፍ ቢጁር የሚባል አሜሪካዊ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው አሠራር ነው። ቱቦው አራት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በእያንዳንዱ ቱቦ ጫፍ ዘይቱን በጠብታ የምትመጥን ትንሽ ማያያዣ አለች። እዚያ ሙቀት የለም፤ ንዝረቱ ከናፍታ ሞተር ጋር አይወዳደርም፤ ግፊቱም እጀታው ሲጎተት መጥቶ ይሄዳል። እንደዚያ ያለ ቱቦ መሐል ላይ ቢቆረጥ፣ ልኩን የጠበቀ ማቀፊያ አግብቼ በስታኞ ባያይዘው ዓመታት ይኖራል። እሳቱ ትንሽ ስለሆነ አጠገቡ ያለውን ቀለምና ማሸጊያ አያቃጥልብኝም። እዚያ ጋዝና ኦክስጅን ይዞ የሚሄድ ሰው ከሚጠግነው የሚያበላሸው ይበዛል። ቱቦው ያው መዳብ ነው፤ ቦታው ሲለወጥ ግን መልሱ ይለወጣል።

ወጣቱ፦ የኛ ሞተር አምሳያ በአንዳንድ ወፍጮ ቤት ያየሁት እንዲህ ያለ ቱቦ ጭራሽ የለውም።

መካኒኩ፦ ሊስተር ሲ ኤስ ወይም የእሱ ቅጂ አይተህ ይሆናል። እንግሊዝ አገር ዳርስሊ በምትባል ከተማ የሊስተር ኩባንያ በ1929 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞተር ነው። በኋላ ሕንድ ውስጥ፣ በተለይ ራጅኮት ላይ፣ በብዛት ተቀዳ። የሱ ቢየላ ጫፍ ላይ ያለችው ማንኪያ ኮፓው ውስጥ ያለውን ዘይት እየቀዳች ትረጫለች፤ ሞተሩ የሚረጥበው በዚህ ነው። የሚሰነጠቅ የግፊት ቱቦ ስለሌለው ነው ለገጠር የተመቸው። የእናንተ ግን ፓምፕ ያለው ነው። ከፓምፕ የሚጠጣ ሞተር ቱቦው ሲሰበር ወዲያው ይጠማል። በመጀመሪያ ሮከሩ ይደርቃል፤ ዘይቱ እየፈሰሰ ካለቀ ብሮንዙ ይቀልጣል፣ ከዚያ ኮሎው ይፋቃል። ኮሎ ለማስቆረጥ የት እንደሚኬድና ስንት ቀን ወፍጮ እንደሚዘጋ አንተም ታውቃለህ። እህል ተሸክመው ከሩቅ የመጡ እናቶች ተመልሰው ይሄዳሉ። ለዚህ ነው በቱቦ ነገር የምጨቃጨቀው።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ወደ ብሩ እንመለስ። ፍሪጅ የሚጠግን ጓደኛ አለኝ፤ የመዳብ ቱቦ በጋዝ ሲበይድ ንጹሕ ነው። የሚጠቀምበት ዘንግ ብርም የለውም፤ መዳብና ፎስፈረስ ነው፤ ርካሽ ነው። መዳብ ከመዳብ ሲሆን የብየዳ ዱቄት እንኳ አይፈልግም።

መካኒኩ፦ ለፍሪጅ ድንቅ ነው። ግን ይህን ጫፍ ተመልከት። ቱቦው መዳብ ነው፤ የገባበት ማያያዣ ግን ብረት ነው። ማግኔት አስጠጋበት፤ ይይዛል። ፎስፈረስ ያለበት ዘንግ ከብረት ጋር ሲገናኝ በመሐላቸው እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ሽፋን ይፈጥራል። ሲበየድ ያምራል፤ ንዝረት ሲነካው ይላቀቃል። ጓደኛህ ጥፋት የለበትም፤ የሚያያይዘው መዳብን ከመዳብ ጋር ስለሆነ ነው። መዳብን ከብረት ለማያያዝ ብር ያለበት ዘንግና የራሱ ዱቄት ነው የሚያስፈልገው። ስትገዛ ደግሞ ካድሚየም የሌለበትን ጠይቅ። አንዳንዱ የብር ዘንግ ቶሎ እንዲቀልጥ ካድሚየም ይጨመርበታል፤ ጭሱ ሳንባ የሚገድል ነው።

ወጣቱ፦ ይህን እዚህ አገር ማን ይሠራዋል? ብር የሚበይድ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

መካኒኩ፦ ብር በብር ማጣበቅ እኛ አገር የቆየ ሙያ ነው። የአንገት መስቀል የሚሠሩት፣ ጌጥ የሚሠሩት አንጥረኞች ከሌላው በፊት የሚቀልጥ ብር አድቅቀው፣ ቦራክስ ነስንሰው፣ በትንሽ እሳት ነው የሚያያይዙት። እኛ ደግሞ ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች አሉን፤ ወላይታ ውስጥ ወጋቺያ ይባላሉ። ማረሻውንም መቆፈሪያውንም ሠርተው አገር አበሉ፤ ምላሹ ግን መናቅ ነበር። አብሯቸው የማይበላ፣ ከእነሱ የማይጋባ ብዙ ነበር። ይህን የምነግርህ ወደ ጎን ለመሄድ አይደለም። ብረት መቼ እንደሚቀላ፣ ዱቄቱ መቼ ውሃ መስሎ እንደሚፈስ በዓይን ማወቅ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ያንን ዕውቀት የያዘውን ሰው ንቀን ኖረን ዛሬ አንድ ቱቦ የሚያስተካክልልን እናጣለን። አንተ ተምረህ መጥተሃል፤ እነዚህን ሰዎች ሄደህ አነጋግራቸው፤ አክብረህ ተማርባቸው።

ወጣቱ፦ እሄዳለሁ ጋሼ። ግን እኔ ራሴ ብበይደው ምን ልጠንቀቅ?

መካኒኩ፦ አንደኛው ክፍተቱ ነው። ቱቦው ወደ ማቀፊያው ሲገባ በዙሪያው ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው። የቀለጠው ብር በዚያ ክፍተት ራሱ እየተሳበ ይገባል፤ ሲሰፋ አይሳብም፣ ሲጠብም መግቢያ ያጣል። እዚህ ላይ አገሩ ሁሉ የሚወድቅበት ነገር አለ። ፍሪጅ ጠጋኞች የሚሸጡልህ ቱቦ በኢንች ነው። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ነው። የሞተሩ ማያያዣ ባለ 6 ሚሊ ከሆነ አይገባም፤ ማያያዣው ባለ ሩብ ኢንች ሆኖ ቱቦው 6 ሚሊ ከሆነ ደግሞ ይንኮሻኮሻል። በዓይን አንድ ይመስላሉ። በካሊፐር ሳትለካ አትግዛ።

ወጣቱ፦ ሁለተኛውስ?

መካኒኩ፦ ንጽሕና። ዘይት የጠጣ ቱቦ ላይ ምንም አይጣበቅም። በነጭ ጋዝ ታጥባለህ፣ ታደርቃለህ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ትፈትጋለህ፤ ከዚያ በጣትህ አትንካው። ዘይት ያለበትን ቱቦ ሁለቱን አፍ ደፍነህ እሳት አታስጠጋ፤ የታፈነው ጭስ አፍንድቶ ፊትህ ላይ ይረጭብሃል። ሁለቱም ጫፍ ክፍት ይሁን። እሳቱን ቱቦው ላይ ብቻ አታሳርፍ፤ ወፍራሙን ብረት አስቀድመህ አሙቅ፣ መዳቡ ከሱ ይሞቃል። ዘንጉን ደግሞ በእሳቱ አታቅልጠው፤ የሞቀው መገጣጠሚያ ራሱ ያቅልጠው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚረሳው። ዱቄቱ ሲቀዘቅዝ ብርጭቆ ይሆናል። ውጪ ያለው ይታያል፤ ውስጥ የገባው አይታይም። ሞተሩ ሲነሣ ተሰብሮ ከዘይቱ ጋር ሄዶ ብሮንዙን ይፍቃል። ከብየዳ በኋላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ውስጡን በሽቦ አሻሽ፣ በነፋስ ንፋ፣ እንደገና በነጭ ጋዝ እጠብ። ከጥገና በኋላ ያለቀ ሞተር አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ብየዳው ግን እንከን አልነበረውም።

ወጣቱ፦ ይህን ሁሉ ካደረግሁ ብር አሸነፈ ማለት ነው።

መካኒኩ፦ ገና ነው። ጥያቄ ልጨምርልህ፤ ይህ ቱቦ ቀጥሎ ሲያንጠባጥብ የሚያየው ማን ነው?

ወጣቱ፦ እናቴ፤ ወይም ፈጪው።

መካኒኩ፦ እጃቸው ላይ ያለው መሣሪያ ምንድን ነው?

ወጣቱ፦ ሁለት ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ።

መካኒኩ፦ እንግዲህ መገጣጠሚያው በእነዚህ የሚፈታና የሚጠበቅ ይሁን። ብር የተበየደ ቱቦ ሲለቅ ሶዶ መሄድ ነው፤ ጋዝና በያጅ ፍለጋ ነው። አፉ ተከፍቶ በዳዶ የሚያዝ ቱቦ ሲያንጠባጥብ ግን በቁልፍ ሩብ ዙር ይጠበቃል፤ ወፍጮው ይቀጥላል። ፍሪጅ ጠጋኞች ፍሌር ይሉታል። ጓደኛህ መሣሪያው አለው፤ የፍሬን ቱቦ የሚሠሩትም አላቸው።

ወጣቱ፦ ፍሌር ግን በንዝረት ይላላል። ብየዳ አይላላም። በዚህ አልስማማም።

መካኒኩ፦ ይላላል፤ አልክድህም። ግን ሲላላ ያላብሃል፣ ይንጠባጠባል፣ ዳዶው ሥር አቧራ የያዘ ዘይት ታያለህ። ያስጠነቅቅሃል። ብየዳ አጠገብ ያለ መዳብ ግን ጠዋት ደረቅ ሆኖ ከሰዓት ይቆረጣል፤ የእናንተም እንዲያ ነው የሆነው። እኔ ቀድሞ የሚናገረውን እመርጣለሁ።

ወጣቱ፦ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ግን ብዙ ቱቦ ላይ ጫፉን በብር ነው የሚያያይዙት።

መካኒኩ፦ ልክ ነህ፤ እዚህ ላይ እረታልሃለሁ። ፋብሪካው ልኩን በማሽን ይጠብቃል፣ እሳቱን ይቆጣጠራል፣ ቱቦውን በፋሸታ ይይዛል። የሞተሩ ማያያዣ ልዩ ቅርጽ ያለው ከሆነ፣ ለምሳሌ ቡሎን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ቀለበት ከሆነ፣ ያንን ጫፍ ፍሌር ማድረግ አይቻልም። እዚያ ብር ብቻ ነው መፍትሔው። የእናንተን እየው፤ ፓምፑ ጋ ያለው ጫፍ እንደዚያ ነው። የላይኛው ግን ዳዶ ነው።

ወጣቱ፦ ስለዚህ ታች ብር፣ ላይ ፍሌር።

መካኒኩ፦ መሐል ላይ ምንም የለም። ይህን አሮጌ ቱቦ አትቀጥለው። የጠነከረ መዳብ ነው፤ ዛሬ እዚህ ብትይዘው ነገ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አዲስ ቱቦ ይገዛል። አዲሱም ፍሌር ከመደረጉ በፊት ጫፉ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ይሙቅ፤ ከዚያ ውሃ ውስጥ ብትነክረውም በነፋስ ቢቀዘቅዝም ያው ነው። መዳብ እንደ ብረት ውሃ ሲነካው አይጠነክርም። ሳይለሰልስ ከተከፈተ ጠርዙ ይሰነጠቃል።

ወጣቱ፦ የፍሌሩ ቅርጽስ? ሁለት ዓይነት እንዳለ ሰምቻለሁ።

መካኒኩ፦ አለ። የፍሪጁና የብዙ መኪናው 45 ዲግሪ ነው፤ የሃይድሮሊክ ማሽኖቹ 37 ዲግሪ ነው። የማያያዣው ሾጣጣ 37 ሆኖ አንተ 45 ከከፈትክ በአንዲት ቀጭን ክብ ላይ ብቻ ይነካካል። ሲጠብቅ የያዘ ይመስላል፤ ሲሞቅ ያንጠባጥባል። ያንጊዜ ሰው አብዝቶ ያጠብቀዋል፤ መዳቡ ይሳሳና ይበጠሳል። ማያያዣውን ይዘህ ሂድ፤ እሱ ላይ ለክተህ ክፈት። ስታጠብቅ ደግሞ በሁለት ቁልፍ ነው። አንዱ ማያያዣውን ይይዛል፣ ሌላው ዳዶውን ያዞራል። በአንድ ቁልፍ የሚያጠብቅ ሰው ቱቦውንም አብሮ ይጠመዝዘዋል።

ወጣቱ፦ ቀለበት ገብቶበት በዳዶ የሚጨመቀውስ? የውሃ ቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት።

መካኒኩ፦ ለቶርኖው ጥሩ ነው፤ ቢጁርም የሚጠቀመው የዚያን ዓይነት ነው። ለሚንቀጠቀጥ ሞተር ግን ቀለበቱ ቱቦውን የነከሰበት መስመር ራሱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ሌላ ከጠፋ እጠቀመዋለሁ፤ ፋሸታ አጠገቡ አድርጌ።

ወጣቱ፦ ፈጪው ደግሞ ቆርጠን ጎማ ቱቦ እናግባበት ይላል። ባለ ሁለት ቱቦውን ማጣበቂያም አምጥቷል።

መካኒኩ፦ ማጣበቂያው ዘይት በጠጣ ብረት ላይ አይዝም፤ ለዛሬ ማታ እንኳ አላምነውም። ተራ የውሃ ጎማ በዘይት ያብጣል፣ ይበሰብሳል። ዘይት የሚችል፣ ውስጡ ክር ያለው፣ ሁለት ጫፉ በፋብሪካ የተጨመቀ የሃይድሮሊክ ጎማ ከተገኘ ግን ንዝረትን ከመዳብ ይልቅ እሱ ይችላል። ለሱ አልከራከርም፤ የሞተሩን ጥርስ የሚገጥም ጫፍ ማግኘት ነው ጭንቁ። ነጩን የቴፍሎን ጥቅል ደግሞ ከዘይት ቱቦ አርቅ። ፍሌር የሚይዘው በሾጣጣው እንጂ በጥርሱ አይደለም፤ የቴፍሎኑ ቁራጭ ተገንጥሎ ሮከሩ ላይ ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። የኤሌክትሪክ ብየዳውን አትጠይቀኝ፤ እንዲህ ያለ ቀጭን መዳብ በኤሌክትሮድ ይበሳል እንጂ አይያያዝም።

ወጣቱ፦ የናስ ዘንግስ? ገሱባም ሶዶም ብረት በያጆች ሁሉ አላቸው።

መካኒኩ፦ ናሱ ወደ 900 ዲግሪ ይጠጋል፤ መዳቡ 1,085 ላይ ይቀልጣል። ቀጭን ቱቦ ላይ በመሐላቸው ያለው ዕድል ጠባብ ነው። ለተሰበረ የብረት እግርና ለጥርስ እወደዋለሁ፤ ለዚህ ግን አይደለም።

ወጣቱ፦ በቃ ልጻፈው። አዲስ የመዳብ ቱቦ፣ ልኩ በካሊፐር። የፓምፑ ጫፍ ካድሚየም በሌለበት ብር። የቴስታታው ጫፍ ተለስልሶ ፍሌር። መሐል ላይ መገጣጠሚያ የለም።

መካኒኩ፦ ቱቦውንም ቀጥ አድርገህ አትወጥረው። መሐል ላይ ሰፊ ዙር አንድ አድርገህ ጠምዝዘው፤ ንዝረቱ እዚያ ይበተናል። ፋሸታው ባዶው ቀዳዳ ላይ ይታሰር፤ በመዳቡና በፋሸታው መሐል ቁራጭ ጎማ ይግባ፤ ብረት ብረትን እየፈተገ እንዳይበሳው። ፋሸታ ካጣህ ከቆርቆሮ ትቆርጣለህ፤ ከሁሉ ርካሹ እሱ ነው፣ ከሁሉ የሚረሳውም እሱ ነው።

ወጣቱ፦ ከዚያ ማስነሣት ነው።

መካኒኩ፦ ቆይ። ዘይቱ ይቀየር፣ ማጣሪያው ይታጠብ፤ ከተሰበረው ቱቦ የወጣ መዳብና ስታኞ እዚያ አለ። አዲሱን ቱቦ ከመግጠምህ በፊት ዘይት ሙላበት፤ ፓምፑ መጀመሪያ ነፋስ እንዳይገፋ። የቴስታታውን ክዳን ክፈት። የናፍታውን መስመር ዝጋና ሞተሩን በእጅ አዙር። ዘይቱ ሮከሩ ላይ ወጥቶ ሲንጠባጠብ በዓይንህ ሳታይ ክዳኑን እንዳትዘጋ፣ ቺንጋውንም እንዳታስገባ።